ለጀማሪ የሚስማማ የኦርኪድ አበባ አመራረጥ፤ ከሾላ ገበያም ስለሚገዛለት ነገር

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ጓሮ አትክልት ስንጽፍ፥ በመስኮት አጠገብ ስለሚቀመጥ አበባ ግን እምብዛም አልተናገርንም። በቦሌና በመገናኛ በኩል ባሉት አበባ ቤቶች በመስተዋት ውስጥ ቆሞ የምናየው፥ ለሠርግ፥ ለልደትና ለሕመምተኛ መጠየቂያ የሚሰጠው ኦርኪድ የሚባለው አበባ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አያያዙም በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ሰው በሁለት ወር ውስጥ ከጥራጊ ጋራ ሲያወጣው ማየት የተለመደ ሆኗል። እኛም ከዚሁ ጉዳት አላመለጥንም፤ የደረሰብንን ሳንደብቅ፥ የተማርነውንም ሳንሰስት ልንጽፍ አስበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እናታችን እግራቸውን ታመው ከአልጋ በዋሉበት ጊዜ፥ አንድ ዘመዳችን ነጭ ኦርኪድ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። የፈነዳው አበባ ዘጠኝ ነበር፤ በጫፉም ላይ ገና ያልፈነዱ አራት እንቡጦች ነበሩበት። እናታችን አልጋቸው አጠገብ ካለው መስኮት አስቀመጡት፤ ጧት ጧት እንቡጡን መቍጠር ሥራቸው ሆነ። ቤተ ሰቡም እርሳቸውን ደስ ለማሰኘት ሲል ሁሉም ውኃ አጠጪ ሆነ። ታላቅ እኅታችን በማለዳ፥ የቤቱ ሠራተኛ በቀትር፥ ከትምህርት ቤት የተመለሰው የልጅ ልጃቸው በማታ ያጠጡት ነበር፤ አንዱም የሌላውን አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት እንቡጦቹ ሳይፈነዱ ቢጫ ሆነው ረገፉ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሰ፤ በመጨረሻም በጣታችን ብንነካው ከሥሩ ተለይቶ በእጃችን ቀረ። እናታችን ብዙ አልተናገሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው «በሉ አውጡልኝ» አሉ። የታመመ ሰው በፊቱ የተቀመጠ ነገር ሲሞት ሲያይ ለራሱ ምልክት አድርጎ እንደሚቈጥረው የማያውቅ የለም። የአንድ አበባ ነገር ነው ተብሎ እንዳይናቅ ይህን አስቀድመን ጻፍን።

አሁን ወደ አበባው እንመለስ። በአበባ ቤቶች ዘንድ ከሚገኙት ኦርኪዶች ይልቅ የሚበዛው፥ ለጀማሪም የሚቀለው፥ በሊቃውንት አጠራር ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ነው። ስሙን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1825 ያወጣለት፥ በጀርመን አገር ተወልዶ በሆላንድ መንግሥት ሥር በጃዋ ደሴት የዕፀዋት ገነት ያስተዳድር የነበረው ካርል ሉድቪግ ብሉም ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የእሳት ራት መሳይ ማለት ነው፤ ነጫጮቹ አበቦች በዘንጋቸው ላይ ተደርድረው በነፋስ ሲወዛወዙ ከሩቅ ለሚያያቸው ክንፋቸውን የዘረጉ የእሳት ራቶች ይመስላሉና። በእኛ ቋንቋ ግን የእሳት ራት የሚለው ስም ለስጦታ አያምርም፤ መብራት አይቶ ሄዶ የሚጠፋ ፍጥረት ነው። እናታችንም የስሙን ትርጓሜ በሰሙ ጊዜ «ምነው፥ ቢራቢሮ አትሉትም?» ብለው ስለ ፈረዱ፥ በቤታችን እስከ ዛሬ ቢራቢሮ አበባ ይባላል።

የትውልድ አገሩ ከህንድና ከቻይና ደቡብ ጀምሮ በፊሊፒንና በኢንዶኔዥያ ደሴቶች አልፎ እስከ ሰሜን አውስትራልያ ይደርሳል። ከወገኖቹ አንዱን፥ ነጩን ትልቁን፥ የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1993 ከአገሪቱ ሦስት ብሔራዊ አበቦች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዞረው ግን ከዱር የተለቀመ ሳይሆን በሆላንድ፥ በታይዋንና በሌላም አገር በመስተዋት ቤት የተዳቀለ ነው። ቀድሞ ኦርኪድ በአውሮፓ የመኳንንት ብቻ ነበር፤ ፍሬው እንደ ትቢያ የደቀቀ፥ በውስጡም ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ በዱር የሚረዳውን የሻጋታ ወገን ካላገኘ በቀር አይበቅልም። በ1922 ግን ሉዊስ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ፥ ፍሬውን ስኳርና ማዕድን በተጨመረበት የረጋ ነገር ላይ በጠርሙስ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ነው ከመኳንንት አዳራሽ ወጥቶ በየሰዉ መስኮት የገባው። በኬክ ውስጥ የሚጨመረው ቫኒላም የዚሁ የኦርኪድ ወገን ፍሬ መሆኑን ብዙ ወይዛዝርት አያውቁም ይሆናል።

ጠባዩን ለማወቅ አንድ ነገር ልብ ማለት ይበቃል። ይህ ተክል በትውልድ አገሩ በአፈር ውስጥ አይኖርም፤ በትልልቅ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ሥሩን በአየር ላይ ዘርግቶ ይኖራል። እንደ ተቀጽላ ግን የዛፉን ደም አይመጥም፤ ዛፉ መቀመጫው ብቻ ነው፤ ምግቡ ከዝናብ፥ ከጤዛና በቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ የሚያገኘው ነው። ሥሩ ነጭ ስፖንጅ በሚመስል ልባስ ተሸፍኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ቶሎ ይጠጣል፥ ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ ነፋስ ያደርቀዋል። እንግዲህ የእናታችን አበባ ለምን እንደ ሞተ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል፤ በነፋስ ሊኖር የተፈጠረውን ሥር በቀን ሦስት ጊዜ አሰጠምነው።

ሁለተኛውን ለመግዛት በወጣን ጊዜ አስቀድመን ጠይቀንና አንብበን ስለ ነበር፥ የመረጥነው አበባውን አይተን አልነበረም። ገዢውን የሚያታልለው አበባው ነው፤ ዐይን ወዲያው ወደ እርሱ ይሄዳል፥ ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅጠሉን፥ ቀጥሎ ልቡን፥ ከዚያም ሥሩን፥ አበባውን በመጨረሻ ይመልከቱ። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ፥ ቀለሙም መካከለኛ አረንጓዴ መሆን ይገባዋል። ጥቍር እስኪመስል የጠቈረ ቅጠል ብርሃን አጥቶ የኖረ ነው፤ እንደ አሮጌ ጓንቲ የተጨማደደ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ሞቶ ውኃ መጠጣት ተስኖታል ማለት ነው። ቅጠሉ አራትና ከዚያ በላይ የሆነውን ቢመርጡ ስንቁን የያዘ ተክል ገዙ ማለት ነው። ልቡ የምንለው ቅጠሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን መካከሉን ነው፤ በዚያ ውኃ ያቈረ ወይም ጥቍር ነቍጥ ያለበት እንደ ሆነ፥ አበባው ምንም ቢያምር ይተዉት። ይህ ተክል የሚያድገው ከአንድ ልብ ብቻ ስለ ሆነ፥ ልቡ የበሰበሰው ብዙ ጊዜ አይድንም።

ሥሩን ለማየት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸጥበት የላስቲክ ዕቃ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ችግር የለም። ብርማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የሞላ ሥር ሕያው ነው፤ ቡናማና ባዶ፥ ሲጫኑትም የሚሟሽሽ ሥር የሞተ ነው። ከዕቃው አፍ አልፎ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ሥር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የጤና ምልክት ነው፥ ሻጩ ሊቈርጥልዎት ቢነሣ ይከልክሉት። ተክሉን ከግንዱ ይዘው በቀስታ ቢነቀንቁት በዕቃው ውስጥ የሚዋልል ከሆነ ሥሩ አልያዘም። ዕቃውን ወደ አፍንጫዎ አቅርበው ያሽትቱ፤ የረግረግ ሽታ ካለው ውስጡ በስብሷል። የቅጠሉን ጀርባና መጋጠሚያውንም ይዩ፤ በዚያ እንደ ጥጥ ፍንጣሪ ነጭ ነገር ወይም የማይንቀሳቀስ ቡናማ ቅርፊት ቢያገኙ ተባይ ነው፤ ወደ ቤትዎ ሲገባ ብቻውን አይቀርም፥ ሌላውንም አትክልት ይወርሳል።

አበባውን በተመለከተ፥ ግማሹ ፈንድቶ ግማሹ እንቡጥ የሆነውን እንመክራለን። አበባው ከዘንጉ ታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው፤ ስለዚህ የታችኞቹ ሁለት አበቦች ከላሙ በሱቁ ብዙ ቀን ሰንብቷል። ሁሉም እንቡጥ የሆነውን መግዛት ቈጣቢነት ይመስላል፤ ነገር ግን እንቡጥ የቦታ ለውጥ አይወድም፥ ከሱቅ ወደ ቤት ሲሄድ ብርድ ወይም ድርቀት ካገኘው ይረግፋል። በደኅና የተገዛ አበባ ሁለትና ሦስት ወር ይቈያል፤ የተቈረጠ ጽጌረዳ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት እንደሚጠወልግ ስናስብ፥ ዋጋው ያን ያህል የከበደ አይደለም።

ከዓይነቱ የትኛው ይሻላል ለሚል፥ ለጀማሪ የምንመክረው የተዳቀለውን ነጩንና ሐምራዊውን ትልቅ አበባ፥ ወይም አበባው ትንንሽ ሆኖ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ የሚሆነውን ነው። ይህ ሁለተኛው፥ ከፊሊፒኑ ፋሌኖፕሲስ ኤክዌስትሪስ የተዳቀለው፥ ቦታ አይፈጅም፥ አበባ ለመስጠትም አይለግምም። ሽታ ያላቸው ቤሊናና ቪዮላሴያ የሚባሉት ወገኖች ያማልላሉ፤ ነገር ግን የቆላ ሙቀትና የቆላ ወበቅ የለመዱ ስለ ሆኑ ለአዲስ አበባ ብርድ አይሆኑም፥ እጁ የለመደ ሰው ካልሆነ በቀር ባይጀምራቸው ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ የምናስጠነቅቀው ስለ ሰማያዊው ኦርኪድ ነው። እንደ ቀለም ብልቃጥ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ የዚህ አበባ ዓይነት በሱቅ ሲያዩ፥ ነጭ አበባ በዘንጉ ቀለም ተወግቶ የተለወጠ መሆኑን ይወቁ። በሚቀጥለው ዓመት ሲያብብ ነጭ ሆኖ ይመጣል። ነጩን በሰማያዊ ዋጋ መግዛት ለሚወድ ሰው ግን የምንለው የለንም።

አበባው ከተገዛ በኋላ ለእርሱ የሚያስፈልገው ዕቃ በአበባ ቤት በውድ ዋጋ ከሚገዛ ይልቅ ሾላ ገበያ መውረድ ይሻላል። ሾላ ከመገናኛ ብዙ ሳይርቅ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው፥ ቅቤውን፥ ማሩን፥ በርበሬውንና ቅመሙን የምሥራቁ የከተማ ሰው የሚሸምትበት ገበያ ነው፤ ስሙም የዛፍ ስም ስለ ሆነ በዛፍ ላይ ለሚኖር አበባ ገበያነቱ የተገባ ነው። እኛ በዚያ የገዛነው ከሰል፥ ሸክላና ቀረፋ ነበር። ከሰሉን የምትሸጠው ወይዘሮ ድቃቂውን ትተን አውራ ጣት የሚያህለውን ብቻ ስንለቅም አይታ፥ «ጋሼ፥ ለቡና ነው ለምድጃ?» አለችን። ለአበባ መሆኑን ብንነግራት ሳቀችና፥ «አበባስ እሳት ይሞቃል እንዴ!» አለች። የአበባውን የፈረንጅ ስም ትርጓሜ ብታውቅ ምን ባለች ነበር ብለን በልባችን ሳቅን።

የከሰሉ ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። አፈር ለዚህ ተክል መቃብር ነው፤ ይልቁንም በቦሌ በኩል ያለው ጥቍር መረሬ አፈር ለጤፍ ቢያስመሰግን ለኦርኪድ ሥር ነፋስ የሚነፍግ ነው። በአፈር ፈንታ የጥድ ቅርፊት በአውራ ጣት ልክ ተሰባብሮ ሁለት እጅ፥ ከሰል አንድ እጅ ተደርጎ ይደባለቃል። ቅርፊቱን ከጣውላ ቤት ማግኘት ይቻላል፤ ነፍሳት እንዳይኖርበት አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ከሰሉ ደግሞ ሌሊቱን በውኃ ተነክሮ ያድራል፥ ብናኙ እስኪወጣ ይታጠባል፤ አመድ የነካው ወይም በጋዝ የተለኰሰ ከሰል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ማሰሮው ከታችም ከጎንም ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ሳይተኰስ ቢታዘዙ ይበሱታል። ከታች የተሰበረ ገል ሁለት ሦስት ጣል ይደረግበታል። ቀረፋው ለወጥ አይደለም፤ የበሰበሰ ሥር በተቈረጠ ጊዜ በቍስሉ ላይ ብቻ የተፈጨ ቀረፋ ነስነስ ቢደረግበት ሻጋታ ይከለክላል፤ ደኅናውን ሥር ግን ስለሚያደርቀው አይነስንሱበት። በሱቅ የሚሰጠውን ቀዳዳ የሌለውን ያማረውን ዕቃ በተመለከተ፥ ለጌጥ ከውጭ ማልበስ ይቻላል፤ ውኃ በውስጡ ካቈረ ግን የእናታችን የመጀመሪያው አበባ የሞተው በእንዲሁ ያለ ዕቃ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያላት ከተማ በመሆኗ፥ ለዚህ አበባ ሁለት ፈተና አለባት፤ የቀን ፀሓይዋ ይበረታል፥ የሌሊት ብርዷም እንዲሁ። ፋሌኖፕሲስ ቀን ከ20 እስከ 28፥ ሌሊት ከ16 ያላነሰ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በውጭ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፥ በረንዳ ላይ ማሳደር እርሱን በብርድ መግደል ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ማታ ማታ ከመስተዋቱ ክንድ ያህል ፈቀቅ ማድረግ መልካም ነው። የተሻለው ስፍራ የጧት ፀሓይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ሆኖ በስስ መጋረጃ የተከለለው ነው። የከሰዓት ፀሓይ በቀጥታ የሚመታው እንደ ሆነ ቅጠሉ ተቃጥሎ ነጭ ጠባሳ ይቀርበታል። ብርሃኑ መጠኑን ያገኘ መሆኑን ለማወቅ እጅን ከቅጠሉ በላይ ስንዝር ያህል ዘርግቶ ጥላውን ማየት ነው፤ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከሆነ መልካም፥ ጠርዙ የተሳለ ጥቍር ጥላ ከሆነ በዝቷል፥ ጥላ ከሌለ አንሷል።

ደግሞ በአገራችን ቤቶች ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ብዙ ወይዛዝርት ይህን አበባ የሚያስቀምጡት ቡና በሚፈላበት ስፍራ ለጌጥ ነው። የከሰልና የዕጣን ጢስ፥ እንዲሁም የሚበስል ሙዝ የሚያወጣው እስትንፋስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስላለበት፥ እንቡጡን ሳይፈነዳ ያረግፈዋል፥ አበባውንም ያስረጀዋል። ስለዚህ ከሰሉ በማሰሮው ውስጥ ሆኖ ያኖረዋል፥ በማንደጃው ላይ ሆኖ ይገድለዋል። ቡናው ይፈላ፥ ዕጣኑም ይጪስ፤ አበባው ግን በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ፥ ሙዙም በሌላ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ድመትና ውሻ ያለው ሰው ግን አይሥጋ፤ ቢያኝኩትም መርዝ የለበትም።

ስለ ውኃው ሁለተኛው አበባ በገባ ቀን እናታችን ሕግ አወጡ። «እንግዲህ ውኃውን የማዝዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ እጅ እንዳይነካው» አሉ። ቀኑንም በቀን መቍጠሪያ ሳይሆን በበዓላት አደረጉት፤ በወሩ በ5 በአቦ፥ በ12 በሚካኤል፥ በ19 በገብርኤል፥ በ27 በመድኃኔ ዓለም። ቈጥረን ብናየው በመካከሉ ያለው ሰባት ወይም ስምንት ቀን ነው፤ የውጭ አገር መጻሕፍትም በሳምንት አንድ ጊዜ ይላሉ። ክረምት ሲገባ፥ ሰማዩ ሲጨልምና ቤቱ ሲረጥብ፥ ሚካኤልንና መድኃኔ ዓለምን ብቻ አስቀርተው ሁለቱን ዘለሉ፤ ይህንም ያስተማራቸው የለም። እስላም ወገኖቻችን ዓርብን ቢይዙ ያው ነው። ነገር ግን ቀን ቢደርስም ሥሩን አይቶ ነው፤ በላስቲኩ ውስጥ ሥሩ ገና አረንጓዴ ከሆነ ውኃ አለው፥ ብርማ ሲሆን ጠምቶታል።

አጠጣጡም በጧት ነው። ዕቃውን ወደ መታጠቢያ ወስዶ ከታች እየፈሰሰ እስኪወጣ ድረስ ለብ ባለ ውኃ ማጠጣት፥ ሩብ ሰዓት ያህል አንጠፍጥፎ መመለስ ነው፤ በቅጠሉ ልብ ውኃ ከገባ በጥጥ ይጠረግ። ከጉድጓድ የሚወጣ ማዕድን የበዛበት ውኃ በሥሩ ላይ ነጭ ጨው ስለሚተው፥ በክረምት በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ይመረጣል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ጠጠር በሞላበትና ውኃ ባለበት ሰሐን ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የዕቃው ታች ግን ውኃውን እንዳይነካ። ማዳበሪያ ለአበባ ተብሎ የተሠራውን፥ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ በጥብጦ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መስጠት ይበቃል። ለእህል የሚበተነውን ዩሪያ አምጥቶ የጨመረበት አንድ ወዳጃችን ሥሩን በሁለት ሳምንት አቃጠለው።

አበባው በረገፈ ጊዜ ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነን ስሕተት ይህ ነው። አበባው ይረግፋል እንጂ ተክሉ ብዙ ዓመት የሚኖር ነው። ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነና ቅጠሉ ከበረታ፥ ከታች ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን አንጓ ቈጥሮ ከእርሱ በላይ በንጹሕ ምላጭ መቍረጥ ነው፤ ከአንጓው ሌላ ዘንግ ሊያወጣ ይችላል። ተክሉ የደከመ እንደ ሆነ ግን ከሥሩ ቈርጦ ማሳረፍ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ቅጠል ሲያወጣ ወራት ይቈያል፤ እንደ ገና የሚያብበውም ሌሊቱ ለጥቂት ሳምንት ቀዝቀዝ ሲልለት ነው። በዚህ ነገር የአዲስ አበባ ብርድ ባላጋራ ብቻ አይደለም፤ በሞቃት አገር ያሉ ሰዎች በመኪና የሚያቀዘቅዙትን ክፍል እኛ በጥቅምትና በኅዳር በመስኮት አጠገብ በነጻ እናገኛለን። በቤታችን በታኅሣሥ ዘንግ ያወጣው በመጋቢት አበበ። እናታችን ያን ጊዜ በምርኩዝ መሄድ ጀምረው ነበር፤ እንቡጡን ለመቍጠር ግን ቁጭ ብለው ነው።

በመጨረሻ ስለ አገራችን ኦርኪዶች ሳንናገር አናልፍም፤ ብዙ ሰው ኦርኪድ ከፈረንጅ አገር ብቻ የሚመጣ ይመስለዋልና። በኢትዮጵያ ከ150 በላይ የሚሆኑ የኦርኪድ ዓይነቶች አሉ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከእንግሊዛዊው ፊሊፕ ክሪብና ከዴንማርካዊው ፊን ራስሙሰን ጋራ ሆነው ስለ እነርሱ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታትሟል። አንዳንዶቹ በሣር መካከል በምድር ይበቅላሉ፤ ሌሎቹ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች በትልልቅ ዛፎች ላይ ይኖራሉ። ከእነዚህም ኤራንጊስ የሚባሉት ነጭ ኮከብ የሚመስል አበባ አላቸው፤ ከአበባው ኋላ እንደ ክር የቀጠነ ረዥም ቀንድ ይንጠለጠላል፥ ማር መሳይ ውኃ በታችኛው ጫፍ ይጠራቀማል። ሽታቸው የሚበረታው ሌሊት ነው፤ የሚጐበኟቸውም ምላሳቸው ረዥም የሆነ የእሳት ራቶች ናቸው። የማዳጋስካርን የእነዚህን ዘመድ አይቶ ቻርልስ ዳርዊን በ1862፥ ምላሱ የአበባውን ቀንድ የሚያህል የእሳት ራት በዚያ መኖር አለበት ብሎ ጽፎ ነበር፤ እንዲህ ያለው የእሳት ራት ራሱ ሞቶ ከ21 ዓመት በኋላ በ1903 በሊቃውንት መጽሐፍ ተመዘገበ። እንግዲህ በስም የእሳት ራት የሚመስለው የእስያው ቢሆን፥ እውነተኛው የእሳት ራት እንግዳ የሚሆንበት የእኛው ነው።

ይህን ሰምቶ የጫካውን ለማምጣት የሚያስብ ቢኖር ግን እንለምነዋለን፤ አይንካው። ከዛፉ የተላቀቀ የዱር ኦርኪድ በከተማ ቤት የሚተርፈው ከብዙ አንድ ነው፤ በቦታው የሚተካውም ፍሬ ወድቆ ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የዱር እንስሳትንና ዕፀዋትን ንግድ የሚቈጣጠረው ሳይቴስ የተባለው የዓለም ስምምነት፥ አገራችንም በ1981 ዓመተ ምሕረት የገባችበት፥ የኦርኪድን ወገን በሙሉ በጥበቃው ሥር አድርጎታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ከቅርፊት ጋራ ተቈርጦ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ቢያዩ፥ ርካሽነቱ አያታልልዎ።

የእኛው ተክል በዚህ ዓመት በሚያዝያ አበባው ካለቀ በኋላ ማሰሮው ጠበበው፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ደንብ ነው፥ ቅርፊቱ በስብሶ ነፋስ መከልከል ይጀምራልና። ስለዚህ ዳግመኛ ወደ ሾላ ወረድን። ከሰል ሻጭዋ ወይዘሮ በስፍራዋ ነበረች፤ አወቀችን። በስልካችን ያነሣነውን ፎቶግራፍ ብናሳያት ረዥም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና፥ «ይኼ ነው እንዴ ከሰሌን የበላው?» ብላ፥ ከሰሉን ራሷ እየመረጠች ትለቅምልን ጀመር። ቤት ተመልሰን የሞተውን ሥር ቈርጠን በአዲሱ ማሰሮ አስቀመጥነው። ቍስሉ እስኪደርቅም እናታችን የገብርኤልን ውኃ ከልክለው ወደ መድኃኔ ዓለም አሻገሩት።